የፓውደር ኮቲንግ ኦቨን ሙቀት መቆጣጠሪያ አሠራር፦ ከባዶ ሳጥን እስከ መጀመሪያው ጭነት

ጎንደር ውስጥ በርና መስኮት፣ ወንበር፣ የባጃጅ ቸርኬ በፓውደር (በሙቀት በሚበስል የዱቄት ቀለም) የሚቀቡ ልጆች ኦቨኑን ራሳቸው ይሠሩታል። ላሜራ፣ ሮክ ዉል (ሙቀት የሚይዝ የድንጋይ ጥጥ)፣ ሁለት ሬዚስታንስ (ማሞቂያ)፤ እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ጣጣው የሚመጣው መቆጣጠሪያው ላይ ነው። ደጋግሜ የምሰማው ሦስት ነገር ነው። «200 ላይ አድርጌው ቀለሙ በጥፍር ይላጣል።» «መቆጣጠሪያው ጠፍቻለሁ ይላል፣ ኦቨኑ ግን እየጋለ ይሄዳል።» «ሁሉን በትክክል አስሬ ሬዚስታንሱ እምቢ አለ።»

ሦስቱም መንስኤ አላቸው፣ ሦስቱም ከታች አሉ። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትዝለሉ። ብዙ ሰው ሁሉንም ዕቃ አንድ ላይ አስሮ ብሬከሩን ያነሳና ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የት እንዳለ ይጠፋበታል።

መጀመሪያ፣ የማይነካ ነገር

የድሮ ፍሪጅ አካል ኦቨን አታድርጉ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ፎም ይቃጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። አይቻለሁ የሚሞክሩትን፣ አትሞክሩ።

ቲነር ያለበት ቀለም የተቀባ ዕቃ በዚህ ኦቨን ውስጥ አታስገቡ። የቲነር ትነት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከጋለ ሬዚስታንስ ጋር ሲገናኝ በሩን ገንጥሎ ነው የሚወጣው። ይህ መመሪያ ለደረቅ ፓውደር ብቻ ነው።

አንዴ ፓውደር የበሰለበት ኦቨን ዳቦም ሆነ ሌላ ምግብ አይነካም።

የ220 ቮልት ሥራ ካልለመዳችሁ ከደረጃ 3 ጀምሮ ኤሌክትሪሻን አጠገባችሁ ይኑር። ግቢያችሁ ኧርዝ ከሌለው መጀመሪያ ኧርዝ አስቀብሩ። ብዙ የቆየ ቤት ሶኬቱ ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ከፍታችሁ እዩ።

## ደረጃ 1፦ ሒሳቡን ሥሩ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቁጥር እወቁ፤ ጠቅላላ ዋትና አምፔር። የእኔ ኦቨን 80 በ80 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 2,000 ዋት ሁለት ሬዚስታንስ አለው። 4,000ን ለ220 ስናካፍል 18.2 አምፔር ይመጣል። የሽቦውም፣ የብሬከሩም፣ የሁሉም ነገር መጠን ከዚህ ቁጥር ነው የሚነሳው።

ሬዚስታንሱ በብረት ቱቦ የተሸፈነ ይሁን። የምጣድ ሽቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ክፍት ስለሆነ የተንጠለጠለ ዕቃ ሲወድቅበት ያጋጫል።

ከዚያ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር ለኩ፦

1. ከጫፍ እስከ ጫፍ። ባለ 2,000 ዋቱ 24 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። 48 ካሳየ 1,000 ዋት ነው የተሸጠላችሁ። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል።
2. ከአንዱ ጫፍ እስከ ውጪኛው ቱቦ። እዚህ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ሰውነቱ ላይ ያፈስሳል፣ ለሻጩ መልሱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲያስነሳ ሰፈራችን ቮልቴጁ ይወርዳል። 190 ከደረሰ ያ ባለ 2,000 ዋት ሬዚስታንስ ወደ 1,500 ዋት ይወርዳል፤ ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። «ኦቨኔ ከ170 አላልፍም አለ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ሰዓት እንደሠራ ነው።

## ደረጃ 2፦ ዕቃ ግዢ

ጎንደር ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤቶች ኮንታክተር (በትንሽ ትዕዛዝ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ብሬከር፣ ሽቦና ቁልፍ አይጠፋም። መቆጣጠሪያውን፣ ኤስኤስአሩን (ድምፅ ሳያሰማ ሬዚስታንሱን የሚያበራና የሚያጠፋውን ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) እና ቴርሞካፕሉን (ሙቀት የሚለካውን ሽቦ) አብዛኛው ሰው ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ስለዚህ የተሳሳተ ዕቃ ከመጣ አንድ ሳምንት ሄደ። ከማዘዛችሁ በፊት ፎቶ አስልኩ።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ፒአይዲ መቆጣጠሪያ፣ ሙቀቱን እያነበበ ኃይሉን የሚመጥነው። ሬክስ ሲ-100 የሚባለው ርካሹ ይበቃል። ኬ-ታይፕ የሚባለውን ቴርሞካፕል የሚቀበል ይሁን፤ እስከ 400 ዲግሪ የሚያነበው።
- ኤስኤስአር፣ ባለ 40 አምፔር፣ መግቢያው ከ3 እስከ 32 ቮልት ዲሲ።
- ሂት ሲንክ (ኤስኤስአሩን የሚያቀዘቅዝ ባለ ክንፍ ብረት) እና የሙቀት ቅባት። ያለ እነዚህ ኤስኤስአር አትግዙ።
- ኬ-ታይፕ ቴርሞካፕል፣ ሽቦው እስከ ሳጥኑ የሚደርስ። በኋላ እንቀጥለዋለን እንዳትሉ፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ኮንታክተር፣ ኮይሉ (የሚስበው መጠምጠሚያ) 220 ቮልት፣ ለማሞቂያ ጭነት 32 አምፔር የሚችል፣ ረዳት ኮንታክት (ኮንታክተሩ ሲይዝ አብሮ የሚገናኝ ትንሽ ማገናኛ) ያለው።
- ባለ ቱቦ ቴርሞስታት፣ እንደ ኩሽና ኦቨን፤ ቀጭን የመዳብ ቱቦና ቱቦው ጫፍ ላይ እርሳስ የሚያክል ዘንግ ያለው። እስከ 300 ዲግሪ ይሁን።
- ስታርት ቁልፍ፣ ስቶፕ ቁልፍ፣ የበር ማብሪያ ማጥፊያ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለሬዚስታንሱ ጫፍ ሙቀት የሚችል ባለ ፋይበር ግላስ ሽቦ።

ባለ ቱቦውን ቴርሞስታት «መቆጣጠሪያ እያለኝ ለምን?» ብሎ የሚተወው ይበዛል። ኤስኤስአር ሲበላሽ በአብዛኛው እንደበራ ነው የሚቀረው። ውስጡ ይጣበቃል። መቆጣጠሪያው የፈለገውን ያህል «አጥፋ» ቢል የሚሰማው የለም። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ የክረምት ማታ ነው። ኦቨኑ ውስጥ ነጭ የተቀቡ ወንበሮች ነበሩ። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ማሳያው 287 ይላል፣ የውጤት መብራቱ ግን ጠፍቷል። ወንበሮቹ የወተት ሻይ መስለው ወጡ። ቴርሞስታቱ ቢኖር 235 ላይ ይቆርጠው ነበር።

የመቆጣጠሪያው ወጥመድ። አንድ ዓይነት ፊት ያለው ዕቃ ሁለት ዓይነት ሆድ አለው። አንዱ ውስጡ ሬሌ (ቀጭ እያለ የሚያገናኝ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው፣ ሌላው ለኤስኤስአር የሚሆን ዲሲ ቮልቴጅ ይሰጣል። ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። ከሞዴሉ ቁጥር ሰረዝ በኋላ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል «ኤም» ከሆነ ሬሌ ነው፤ «ቪ» ከሆነ የኤስኤስአር ነው። ከኤስኤስአር ጋር አንድ ላይ ታሽጎ የተሸጠ እንኳ ሬሌ ሆኖ ይገኛል። ያ «ሁሉን አስሬ እምቢ አለ» የሚባለው ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው።

## ደረጃ 3፦ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩ

ሳጥን ሳይበሳ፣ ኦቨን ሳይነካ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

3.1 ቴርሞካፕሉን እሰሩ። መቆጣጠሪያው ጎን ላይ ያለውን ሥዕል ተከተሉ። ከሌላ ሰው ቪዲዮ የተርሚናል ቁጥር አትውሰዱ፣ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። የሽቦ ቀለምም አትመኑ፤ በአሜሪካኖቹ ቀይ ኔጌቲቭ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከቻይና የሚመጣው ላይ ደግሞ ቀይ ፖዘቲቭ ነው። ማግኔት አስጠጉበት። በኬ-ታይፕ ኔጌቲቩ ሽቦ ማግኔት በትንሹ ይስበዋል፣ ፖዘቲቩን አይስበውም። ከድሮ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል፤ ሽቦው ፀጉር ሲነካ እንደሚንቀሳቀስ ያህል ነው የሚወዛወዘው፣ ረጋ ብላችሁ እዩ።

3.2 ጫፉን በእጃችሁ ጨብጡ። ቁጥሩ መውጣት አለበት። ከወረደ ገልብጣችሁ አስራችኋል። ማሳያው ከልኬት በላይ ብሎ ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦው አልነካም ወይም ተበጥሷል።

3.3 በፈላ ውሃ ለኩ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ውሃ 100 ላይ ይፈላል ብሎ መቆጣጠሪያውን 7 ዲግሪ ከፍ የሚያደርግ አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 አካባቢ ነው። ጀበናው ሲንተከተክ ጫፉን ውሃው ውስጥ ስታደርጉት፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ከ91 እስከ 95 ካነበበ ደህና ነው፤ አትንኩት። በረዶ ካገኛችሁ ደግሞ ፈጭታችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩበትና 0 አካባቢ ማንበቡን እዩ።

3.4 ሽቦው አጠረ? አትቀጥሉ። በተራ መዳብ ሽቦ የተቀጠለ ቴርሞካፕል ይዋሻል። መቀጠያው ኦቨኑ አጠገብ ሆኖ 60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ 25 ቢሆን፣ 35 ዲግሪ ጠፋ። ኦቨኑ 200 ሲሆን ማሳያው 165 ይላል። መቆጣጠሪያው ደግሞ አሁንም ቀዝቃዛ ነው ብሎ እስከ 235 ይነዳዋል። የግድ ከሆነ የኬ-ታይፕ ማስረዘሚያ ሽቦ ፈልጉ።

3.5 የውጤቱን ዓይነት አረጋግጡ። የሚፈለገውን ሙቀት ከክፍሉ በላይ፣ 100 ላይ አድርጉ። የውጤት መብራቱ ይበራል። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ የውጤት ተርሚናሎቹን ለኩ። ወደ 12 ቮልት አካባቢ ካነበባችሁ ትክክለኛው ዕቃ ነው። ምንም ከሌለ፣ ግን ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ሬሌ ነው።

ሬሌ ሆኖ ከተገኘና መመለስ ካልቻላችሁ፣ አትጣሉት። የማይፈለግ የስልክ ቻርጀር 5 ቮልቱን ፖዘቲቭ ሽቦ በሬሌው በኩል አሳልፋችሁ ወደ ኤስኤስአሩ ፕላስ፣ ኔጌቲቩን በቀጥታ ወደ ማይነስ እሰሩ። ሬሌው ለኤስኤስአሩ መቀስቀሻ ብቻ ስለሆነ ብዙም አይደክምም። ሬሌውን በቀጥታ ሬዚስታንስ ላይ ግን በጭራሽ።

3.6 ኤስኤስአሩን በአምፖል ሞክሩ። የድሮው፣ የሚሞቀው አምፖል ይሁን። ኤልኢዲ አይሆንም፤ ኤስኤስአር ሲጠፋም ትንሽ ስለሚያሳልፍ ኤልኢዲው ፈዘዝ ብሎ ይበራና «ተበላሽቷል» ትላላችሁ። ቴርሞካፕሉን በእጃችሁ ስታሞቁትና የተፈለገውን ሙቀት ከፍና ዝቅ ስታደርጉት አምፖሉ መብራትና መጥፋት አለበት።

ያ ትንሽ የሚያልፈው ነገር ሌላም ማስጠንቀቂያ ነው። ኤስኤስአር ጠፍቷል ማለት ኤሌክትሪኩ የለም ማለት አይደለም። ሬዚስታንስ ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ።

## ደረጃ 4፦ ሳጥኑን አዘጋጁ

የብረት ሳጥን ውሰዱ፤ ከኦቨኑ አካል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ኦቨኑ አናት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ምድጃ ላይ ራዲዮ እንዳስቀመጠ ነው።

ሂት ሲንኩ ከሳጥኑ ውጪ ይውጣ፣ ክንፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይቁሙ። አየር ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ነው። ኤስኤስአሩ በ18 አምፔር ከ20 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። በእኛ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ሲንኩ የተጻፈለትን ያህል አያቀዘቅዝም። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ግዙ። ባለ 40 የተባለውን ርካሽ ኤስኤስአርም ከ20 አምፔር በላይ አታሸክሙት።

የሙቀት ቅባቱን በጥፍር ልክ አድርጋችሁ በስሱ አልብሱ። ብዙ መቀባት ይብሳል። ብሎኑን ጥብቅ አድርጉ።

## ደረጃ 5፦ ሽቦውን እሰሩ

ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑ ተረጋግጦ። አሁን ሁለት መስመር አለን። አትቀላቅሏቸው፤ እኔ የኃይሉን ጥቁር፣ የትዕዛዙን ቀይ ሽቦ ነው የማደርገው።

የኃይል መስመር፦

1. ፌዝና ኒውትራል ወደ 25 አምፔር ብሬከር።
2. ከብሬከሩ ሁለቱም ወደ ኮንታክተር። ኮንታክተሩ ሁለቱንም ይቁረጥ።
3. ፌዙ ከኮንታክተሩ ወደ ኤስኤስአር፣ ከኤስኤስአር ወደ ሁለቱ ሬዚስታንስ አንድ ጫፍ።
4. ኒውትራሉ ከኮንታክተሩ በቀጥታ ወደ ሬዚስታንሶቹ ሌላ ጫፍ።
5. ኧርዝ ወደ ኦቨኑ አካል፣ ወደ በሩ፣ ወደ ሳጥኑ፣ ወደ ሂት ሲንኩ። ማጠፊያው ይበቃዋል ብላችሁ በሩን አትርሱ፣ ለብቻው ሽቦ ይኑረው።

የትዕዛዝ መስመር፦

1. ከብሬከሩ በኋላ አንድ ፌዝ ውሰዱ፣ በ1 አምፔር ፊውዝ አሳልፉ።
2. ከፊውዙ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ መቆጣጠሪያው። ኦቨኑ ሳይነሳም ማሳያው ይብራ።
3. ሌላው ቅርንጫፍ በተራ፦ ስቶፕ ቁልፍ፣ ስታርት ቁልፍ፣ ባለ ቱቦ ቴርሞስታት፣ የበር ማብሪያ ማጥፊያ፣ የኮንታክተሩ ኮይል፣ ኒውትራል።
4. የኮንታክተሩን ረዳት ኮንታክት ከስታርት ቁልፉ ጎን ለጎን እሰሩ።

አራተኛው ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ስታርትን ስትለቁት ኮንታክተሩ ራሱን ይይዛል ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ግን ይለቃል፣ ሲመጣም ተመልሶ አይያዝም። ቴርሞስታቱ ከቆረጠም፣ ኦቨኑ ሲቀዘቅዝ በራሱ አይነሳም። እናንተ መጥታችሁ፣ ምን ሆነ ብላችሁ፣ ስታርት እስክትጫኑ ይጠብቃል።

በር ተከፍቶ ሲዘጋም እንደገና ስታርት መጫን ይኖርባችኋል። ያበሳጫል። ይሁን።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት ጎተት አድርጉ። የወጣ ካለ አሁን ይውጣ። የላላ ብሎን ይሞቃል፣ የሞቀ ይበልጥ ይላላል፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ነው።

## ደረጃ 6፦ የቴርሞካፕሉ ቦታ

ይህ ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሥራውን የሚያበላሸው ግን እሱ ነው።

መቆጣጠሪያው የሚያውቀው የቴርሞካፕሉ ጫፍ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ጫፉ ሬዚስታንስ አጠገብ ከሆነ በአምስት ደቂቃ 200 ይላል፣ ዕቃው ግን ገና 110 ነው። በሩ ሥር ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር እየነካው ኦቨኑን ያለ ልክ ያስነዳዋል።

1. ጫፉን ዕቃ ከሚሰቀልበት ከፍታ መሐል ላይ አድርጉ።
2. ከግድግዳው ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፣ ግድግዳም ዕቃም አይንካ።
3. ሬዚስታንሱን በቀጥታ «እንዳያየው» በመካከል ላሜራ ጋርዱ።
4. የባለ ቱቦውን ቴርሞስታት ዘንግ ወደ ላይ፣ ጣሪያው አካባቢ እሰሩ። እሱን 235 ላይ አድርጉ። የመዳብ ቱቦውን አትጠምዝዙት፤ ከተሰበረ ቴርሞስታቱ አለቀ።

ማራገቢያ ከሌለ ላይና ታች አንድ አይሆንም። መጀመሪያ ሰሞን የእኔ ኦቨን ከላይ 215፣ ከታች 165 ነበር። የወንበሩ መደገፊያ ድንቅ፣ እግሩ ግን በጥፍር ይነሳል። ሞተሩ ከውጪ ሆኖ ክንፉ ብቻ ውስጥ የሚገባ ማራገቢያ ስገጥምበት ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ወረደ። የማራገቢያው አየር ግን ዕቃው ላይ በቀጥታ አይንፋ፣ ያልበሰለውን ዱቄት ያራግፈዋል።

## ደረጃ 7፦ ባዶውን አሙቁ

ፓውደር የለም፣ ዕቃ የለም። በርና መስኮቱ ክፍት የሆነ ቤት ውስጥ።

1. 60 ላይ አድርጉ፣ ስታርት ተጫኑ። 60 ደርሶ የውጤት መብራቱ ሲጠፋና ቁጥሩ መውጣት ሲያቆም እዩ። ካላቆመ ስቶፕ፤ ኤስኤስአሩ ተጣብቋል ወይም ተሳስታችሁ አስራችኋል።
2. ቴርሞስታቱን ፈትኑ። ወደ 80 ዝቅ አድርጉት፣ መቆጣጠሪያውን 120 አድርጉ። ሙቀቱ 80 አካባቢ ሲደርስ ኮንታክተሩ ጓ ብሎ መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ አትቀጥሉ። ከለቀቀ ወደ 235 መልሱት።
3. ወደ 100፣ ወደ 150፣ ወደ 200 ከፍ እያደረጋችሁ እያንዳንዱ ላይ 15 ደቂቃ ቆዩ። አዲስ ሬዚስታንስና አዲስ ላሜራ ዘይት ስላለው ይጨሳል። ቀጭን ነጭ ጭስ የሚጠበቅ ነው። የላስቲክ ሽታ ግን አይደለም፤ ሽቦ እየቀለጠ ነው፣ አጥፉ።
4. አቀዝቅዙ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቁ። መጀመሪያ ሙቀት ላይ ሁሉም ትንሽ ይላላል።

## ደረጃ 8፦ ኦቶቲዩን

መቆጣጠሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ የእናንተን ኦቨን አያውቅም። ኦቶቲዩን ማለት መቆጣጠሪያው ራሱን ከኦቨኑ ጋር እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ዝም ብላችሁ ካስነሳችሁት 200 ብላችሁት 225 ሄዶ ይመለሳል።

1. ሁልጊዜ የምትቀቡትን ያህል ያልተቀባ ብረት ውስጡ ስቀሉ። በባዶ ኦቨን ያስተካከላችሁት በጭነት አይሠራም።
2. የሚፈለገውን ሙቀት 180 አድርጉ። ኦቶቲዩን ሲሠራ አልፎ ስለሚሄድ ከ200 አትጀምሩ፣ ቴርሞስታቱ ይቆርጥባችኋል።
3. «ሴት» (SET) የሚለውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። በዝርዝሩ ውስጥ «ኤ-ቲ-ዩ» የሚለውን ፈልጉ፣ ከ0 ወደ 1 ቀይሩት። «ኤ-ቲ» የምትለው መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።
4. በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ቲ» የሚለው የዙር ጊዜ ለኤስኤስአር 2 ሰከንድ፣ በሬሌው ዘዴ ለሠራችሁ 20 ይሁን።
5. በሩን አትክፈቱ። ቁጥሩ ሁለት ሦስቴ ወጥቶ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ሥሩት።

ብልጭታዋ ስትቆም አልቋል። ከዚያ በኋላ 3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ካለፈ በቂ ነው። ከዚህ በላይ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው፣ ፓውደሩ አያውቀውም።

## ደረጃ 9፦ የብረቱን ሙቀት ለኩ፣ ከዚያ ቁጠሩ

ካርቶኑ ላይ «200 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ» ይላል፤ ወይም «180፣ 20 ደቂቃ»። ይህ የብረቱ ሙቀት ነው፣ የአየሩ አይደለም። ደቂቃውም የሚቆጠረው ብረቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። «200 አድርጌ ተላጠ» የሚለው ሁሉ ማለት ይቻላል የቆጠረው ማሳያው 200 ካለበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ብዙ መልቲሜትር ከኬ-ታይፕ ቴርሞካፕል ጋር ይሸጣል። ያንን ጫፍ በቀጭን ሽቦ ካልተቀባ ብረት ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ሽቦውን በበሩ በኩል አውጡ፣ በየ2 ደቂቃው ጻፉ። በኢንፍራሬድ ጠመንጃ አትለኩ፤ በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ያልሆነ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ።

በእኔ ኦቨን አየሩ 200 ከደረሰ በኋላ የወንበር ቀጭን ቱቦ 7 ደቂቃ ይፈልጋል። የበር አንግል 14 ደቂቃ። ወፍራም የመኪና ቸርኬ 26። ይህ የእኔ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን ለክታችሁ በማርከር በሩ ላይ ጻፉ። የእኔ በር ላይ ከፓውደር ስም ይልቅ ደቂቃ ይበዛል።

ቀጭንና ወፍራም ዕቃ አንድ ላይ አታብስሉ። ወፍራሙን ስትጠብቁ ቀጭኑ ነጭ ከሆነ ቢጫ ይሆናል።

መብሰሉን ለማረጋገጥ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በማይታይ ቦታ አሴቶን የነካ ነጭ ጨርቅ 20 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እሹበት። ጨርቁ ላይ ቀለም በብዛት ከወጣና ቦታው ከተጣበቀ አልበሰለም። ድምቀቱ ትንሽ ቢቀንስ ግን አይግረማችሁ።

## ሲበላሽ

ቁጥሩ ይወጣል፣ ሬዚስታንሱ አልበራም ይላል። ቁጥሩ እየወጣ ከሆነ በርቷል። ቱቦ ያለው ሬዚስታንስ ሁልጊዜ አይቀላም።

የውጤት መብራቱ በርቷል፣ ሙቀት የለም። ኮንታክተሩ ይዟል? ካልያዘ በሩንና ቴርሞስታቱን እዩ። ከያዘ የኤስኤስአሩን መግቢያ ለኩ። ዲሲ ካለና ሙቀት ከሌለ ፕላስና ማይነሱ ተገልብጧል፣ ወይም ኤስኤስአሩ ሞቷል።

መብራቱ ጠፍቷል፣ ሙቀቱ ይወጣል። ስቶፕ። ኤስኤስአሩ ተጣብቋል። አይጠገንም፣ ቀይሩት። ሲንኩንም እንደገና እዩ፣ የሞተበት ምክንያት ሙቀት ሊሆን ይችላል።

ክረምት ከርሞ ሲበራ ብሬከሩ ይወድቃል። የንክኪ መከላከያ ብሬከር ካላችሁ ይህ ይከሰታል። ሬዚስታንሱ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት ይጠጣል። ነቅላችሁ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አድርቁ፣ ከጫፍ እስከ ቱቦው እንደገና ለኩ። ምንም ካላነበበ መልሳችሁ ግጠሙት። ብሬከሩን አውጥቶ በቀጥታ ማሰር መፍትሔ አይደለም።

ቁጥሩ ዝም ብሎ ይዘላል። የቴርሞካፕሉ ሽቦ ከኃይል ሽቦው ጋር በአንድ ቱቦ ሄዷል። ለዩት።

እየበሰለ መብራት ሄደ። በሩን አትክፈቱ። ብሬከሩን አውርዱ፤ መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ መጀመሪያ ላይ ይዘላል። ከመጣ በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ብሬከሩን አንሱ፣ ስታርት ተጫኑ። ደቂቃውን ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ብረቱ እንደገና 200 ከደረሰ በኋላ ሙሉውን ከ1 ቁጠሩ። ጥቁርና ግራጫ ምንም አይሆንም። ነጭ ከሆነና ሁለት ጊዜ ከተቆረጠባችሁ ግን ለባለቤቱ ደውላችሁ «ክሬም ቢሆን ይከፋሃል?» ብትሉት ይሻላል።